ወዝ

የገዛኋት ዕለት ታበራ ነበር።

ጊዜው ሴፕቴምበር 2021 ነው። ቦታው ከዴንቨር በስተምሥራቅ፣ የስንዴ ማሳ ዙሪያዋን የከበባት አንዲት ትንሽ ከተማ። ፀሐይ ልትጠልቅ ጥቂት ቀርቷታል። ሻጩ ከጎተራው ጎን አቁሟት ስለነበር የምሽቱ ብርሃን ጎኗ ላይ ሲያርፍ ቅቤ እንደ ጠገበ ፀጉር ታብለጨልጫለች። ዋጋ ለመከራከር በመንገድ ላይ ያሰናዳሁት ንግግር ሁሉ ከአፌ ጠፋ። ሰውየው የጠየቀኝን ከፈልሁ፤ ከመኪናዬ ኋላ አስሬም በእርጋታ እየነዳሁ ወደ ኦሮራ ይዣት መጣሁ። ባለቤቴ በር ላይ ቆማ አየቻትና፣ «ይህችን እንቁላል ደግሞ ማን ይታቀፋታል?» አለች።

አንባቢ ሆይ፣ ስለ ማን እንደማወራ ሳልነግርህ ወደ ነገሩ ዘለቅሁ፤ ይቅር በለኝ። የማወራው በመኪና ስለምትጎተት ትንሽ ቤት ነው። በአገራችን ከከባድ መኪና ኋላ የሚቀጠለውን «ተሳቢ» እንለዋለን። ይህችም ተሳቢ ናት፤ የተሸከመችው ግን ስሚንቶ ወይም እህል ሳይሆን አንድ አልጋ፣ አንድ የጋዝ ምድጃና አንድ ጠረጴዛ ነው። ርዝመቷ 4 ሜትር ገደማ፣ የተሠራችውም በፈረንጆቹ 1986 ነው። አካሏ ፋይበርግላስ ሲሆን፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው ወገቧ ላይ የተገጠሙ ሁለት ቅርፊቶች ናቸው። ከእንዲህ ዓይነቶቹ እንቁላል መሰል ቤቶች ስሟ የታወቀው «ቦለር» በ1968 በካናዳዋ ዊኒፔግ ከተማ የተወለደች ናት። ፈልሳፊዋ ሬይ ኦሌኮ ከእርሷ በፊት ከዚሁ ከፋይበርግላስ የፍሳሽ ማጠራቀሚያ ሠርቶ እንደነበር ይነገርለታል። ከፍሳሽ ጉድጓድ የተነሣ ሐሳብ የሰው ማደሪያ ሆነ ማለት ነው።

የገዛኋት ስለ አንድ ቃል ነው። ልጄ የሰባት ዓመት ሕፃን ሳለች ከትምህርት ቤት አንድ ፎቶግራፍ ይዛ መጣች። ፎቶግራፉ ከእኛ በስተደቡብ የአራት ሰዓት መንገድ ያህል ርቆ የሚገኘው የታላቁ የአሸዋ ክምር መናፈሻ ነው። ዛሬ ብሔራዊ ፓርክ የሆነው ይህ ስፍራ ከ200 ሜትር በላይ የሚደርሱ የአሸዋ ተራሮች አሉት፤ በሰሜን አሜሪካ ከእነርሱ የሚበልጥ የአሸዋ ክምር የለም። ከግርጌያቸው ሜዳኖ የሚባል ወንዝ በስሱ ይፈሳል። በፎቶግራፉ ላይ ሕፃናት በዚያ ወንዝ ይንቦጫረቃሉ። «አባዬ፣ እዚህ እንሂድ» አለችኝ። «እንሄዳለን፣ እናቴ» አልኋት። ይህ በ2012 ነበር። እኔ ያን ጊዜ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ ከተማ፣ ከከተማ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሌሊት ሌሊት ታክሲ እነዳ ነበር። ሌሊት የሚሠራ አባት ቀን ይተኛል፤ ቀን የሚተኛ አባት ያላት ልጅ ደግሞ በእግር ጣቷ መራመድን ትለምዳለች። ተሳቢዋን ስገዛ ልጄ 16 ዓመት ሆኗት ነበር። ቃሌ ዘጠኝ ዓመት ዘግይቷል።

ከገዛኋትም በኋላ «በሚቀጥለው ዓመት» አልሁ። ተሳቢዋ በግቢያችን ሁለት የበረዶ ወራት አሳለፈች። ወዟ በመጀመሪያ ወደ ቢጫነት አደላ። በ2023 ሜይ ወር፣ ልጄ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በምትጨርስበት ሰሞን፣ ፀሐይ እንዳቃጠለው ገላ ትላጥ ጀመር። እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ነገር እየተነሣ በነፋስ በግቢው ይበራል። ከሥሩ የወጣው ገጽ ደረቅና አመድማ ነው።

ጠይቄ ምስጢሩን ደረስሁበት። ሻጩ፣ ወይም ከእርሱ በፊት የነበረው ባለቤት፣ የወለል ማስዋቢያ ቀብቷት ኖሯል፤ በትላልቅ ሕንፃዎች መተላለፊያ ላይ የሚፈሰውን አክሪሊክ ፈሳሽ። በአንድ ከሰዓት በኋላ አራት አምስት ጊዜ በጨርቅ ይቀባል፤ ሲደርቅ የደከመው ገጽ ሁሉ እንደ መስተዋት ያበራል። ገጹን አስቀድሞ በሚገባ ለሚያጸዳ፣ በኋላም በየዓመቱ ለሚያድስ ሰው ጥሩ ነው የሚሉ አሉ። በዱቄት ላይ ከተቀባ ግን ፀሐይና ውርጭ ሲፈራረቁበት ቢጫ ይሆናል፤ ይላጣል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይል የለ ያገሬ ሰው!

አንድ ወዳጄ ቡና ላይ ችግሬን ሰምቶ፣ «ምን ያስጨንቅሃል? አንተም ቀባ ቀባ አድርግና አምሻሽ ላይ ሽጣት» አለኝ። አልዋሽም፤ ሐሳቡ ለሦስት ሌሊት ከመኪናዬ አልወረደም። ፈሳሹን እስከ መግዛትም ደርሼ ነበር።

ያዳነችኝ ልጄ ናት። ጥቁር ሹራብ ለብሳ ወደ ተሳቢዋ ተደገፈችና ዞር ስትል ጀርባዋ በሙሉ የጠመኔ ሰሌዳ ያበሰችበት መስሏል። ለማራገፍ ሞከረች፤ እጇም ነጭ ሆነ። በያዘችው የውሃ ጠርሙስ እጇን ልትታጠብ ስትል የተረፈው ውሃ በተሳቢዋ ጎን ላይ ፈሰሰ። ውሃው በወረደበት መስመር ሁሉ ከአመዱ ሥር አንድ ፈዛዛ ሰማያዊ ብቅ አለ። እንደ ጥቅምት ሰማይ ያለ ሰማያዊ። እኔ ተሳቢዋ ከተፈጥሮዋ ነጭ ትመስለኝ ነበር።

«አባዬ፣ አለ እኮ!» አለች። «ከለሩ አለ!»

ውሃው ደረቀ፤ ሰማያዊውም ጠፋ። እንደገና አፈሰሰች፤ እንደገና መጣ። ነገሩ ተአምር አይደለም። የዛገው ገጽ ሸካራ ስለሆነ ብርሃኑን ይበታትነዋል፤ ለዐይናችን ነጭ የሚመስለን ለዚህ ነው። ውሃ ሸካራውን ሲሞላው ብርሃኑ ወደ ቀለሙ ይደርሳል። እንዲህ ከሆነ ቀለሙ አልሞተም፤ ተሸፍኗል ማለት ነው። በማግስቱ የገዛሁትን የወለል ፈሳሽ ወደ ሱቁ መለስሁት።

የፋይበርግላስ አሠራር ከለመድነው የተገለበጠ ነው። እኛ ቤት እንሠራለን፣ መጨረሻ ላይ ቀለም እንቀባለን። እርሱ ግን ከቀለሙ ይጀምራል። በቅርጽ ማውጫው ውስጥ አስቀድሞ ጄልኮት የሚባል ቀለም የተቀላቀለበት ሙጫ ይረጫል፤ ከዚያ የመስተዋት ክርና ሙጫ እየተደራረበ ገላው ይገነባል፤ ሲጠነክር ከቅርጹ ይላቀቃል። መጀመሪያ የተወለደው ቆዳ የመጨረሻው ዳርቻ ይሆናል። ውፍረቱም ግማሽ ሚሊሜትር ገደማ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር የዚህን ቆዳ ገጽ በዓመታት ውስጥ ይሰባብረዋል፤ ወደ ዱቄትም ይለውጠዋል። ጨረሩ ከፍታ በጨመረ ቁጥር፣ በየ1000 ሜትሩ 10 በመቶ ያህል ይበረታል። የእኛ ኦሮራ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1600 ሜትር በላይ ናት። አዲስ አበባ ያደገ ሰው ይህን ፀሐይ ያውቀዋል፤ አየሩ ቀዝቅዞ ሳለ ማጅራት የሚያቃጥለው ፀሐይ ነው።

ሰኞ የዕረፍት ቀኔ ነበር። ከጁን መጀመሪያ አንሥቶ ሰኞ ሰኞ ከልጄ ጋር ሥራ ጀመርን።

የመጀመሪያው ሰኞ የተቀባውን ማስለቀቅ ነበር። አሞኒያ ያለበት የወለል ማስለቀቂያ በስፖንጅ እያራስን፣ ጥቂት ደቂቃ እየጠበቅን፣ በለስላሳ ብሩሽ ፈግፍገን በብዙ ውሃ አጠብን። ልጄ ጓንቷን አጥልቃ በረኪና ልትጨምርበት ስትል በጩኸት አስቆምኋት፤ አሞኒያና በረኪና ሲገናኙ መርዛማ ጋዝ ያወጣሉ። ያን ቀን ማታ ተሳቢዋ ከጠዋቱ ይልቅ አስቀያሚ ነበረች። ባለቤቴ በመስኮት አይታ ምንም አላለችም፤ ዝምታዋ ግን በቂ ነበር።

ከሁለተኛው ሰኞ ጀምሮ ፍትጊያው ቀጠለ። የመስኮቱንና የበሩን ጎማ በወረቀት ፕላስተር ሸፈንን። የፀሐይ ግለት ሳይነካት ገና በጠዋት፣ ክንድ በክንድ የሆነች ትንሽ ቦታ እየከለልን፣ ኮምፓውንድ የሚባለውን መፈተጊያ ቅባት በሚሽከረከር ማሽን ላይ አድርገን በዝግታ እናመላልሳለን። ዱቄቱ እንዳይገባን አፍና አፍንጫችንን፣ ዐይናችንንም ሸፍነናል። ማሽኑ አንድ ቦታ ላይ መቆም የለበትም፤ ከቆመ ያግላል፣ ያቃጥላል። ጠርዝና ማዕዘን ላይ ደግሞ በማሽን ሳይሆን በእጅ ነው የሚሠራው፤ ቆዳው እዚያ ላይ በቶሎ ያልቃልና።

በዚህ መካከል ነበር ስለ አባቴ ማውራት የጀመርሁት። አባቴ በአዲስ አበባ፣ በአንድ ጋራዥ ውስጥ የመኪና ቀለም ቀቢ ነበር። እኔ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ባልዲ ውሃ አመላላሽ ነበርሁ። እርሱ ስቱኮ የተሞላውን ላሜራ የብርጭቆ ወረቀት ውሃ እያጠጣ ሲፈትግ ይውላል። እኔ ሲያበራ አየሁ ብዬ «አልቋል» ስለው እጄን ይዞ በላዩ ያስኬደው ነበር። «ዐይንህን አትመን» ይለኛል፤ «ዐይን ወዝ ይወዳል። እጅህ ይየው።» እውነትም በመዳፌ ሥር ዐይኔ ያላየው ጉብታ ይገኛል።

ልጄ ይህን ስነግራት ማሽኑን አጠፋች። «አያቴ ቀለም ቀቢ ነበር?» አለች።

አንባቢ ሆይ፣ ልጄ 18 ዓመቷ ነው። አያቷ ከሞተ ዓመታት አልፈዋል፤ ፎቶግራፉ ሳሎናችን ውስጥ ተሰቅሏል። ሥራው ምን እንደነበር ግን አታውቅም ነበር። ያልነገርኋት በእርሱ አፍሬ አልነበረም። ጊዜ ሲኖረኝ እነግራታለሁ ብዬ ነው። መዳፏን ያዝሁና በፈተግነው ቦታ ላይ አስኬድሁት። «እዚህ ጋ ገና ነው» አለች፤ ልክ ነበረች።

አራተኛው ሰኞ ላይ ጥፋት ሠራሁ። ሌሊቱን ሙሉ ስነዳ አድሬ ሳልተኛ ነበር የመጣሁት። ጁን ሊያልቅ ነው፤ ልጄ በኦገስት አጋማሽ ወደ ሌላ ክፍለ ሀገር ዩኒቨርሲቲ ትሄዳለች። ቸኮልሁ። የበሩን ማዕዘን በእጅ መሥራት ሲገባኝ ማሽኑን ከፍ ባለ ፍጥነት አሳረፍሁበት። ቅጽበት ነው። ሰማያዊው ተገፈፈ፤ ከሥሩ የመስተዋት ክር ያለበት ቡናማ ገላ፣ የሳንቲም ያህል ቦታ፣ ታየ። ማሽኑን ነቀልሁ። ከአፌ የወጣውን ቃል እዚህ አልጽፈውም።

«ደክሞኝ ነው» አልኋት።

ልጄ ቦታውን በጣቷ ዳሰሰችው። ከዚያ ቀና ሳትል፣ በዚያ ከእንግሊዝኛ ጋር በሚጋባው አማርኛዋ ሳይሆን ቃል በቃል እየመረጠች፣ «አባዬ፣ አንተ ወደ እኛ ስትመጣ ሁልጊዜ ደክሞህ ነው» አለችኝ።

ክፋት አልነበረባትም። ያየችውን ነው የተናገረችው። የምመልሰው ብዙ ነበረኝ፤ ስለ ቤት ኪራይ፣ ስለ ትምህርት ቤቷ፣ አዲስ አበባ ላሉት ስለምልከው ገንዘብ። ሁሉም እውነት ነው። ሁሉም ግን ያን ዕለት በዚያች ማዕዘን ላይ የሚቀባ ወዝ መሰለኝና ተውሁት። «እውነትሽን ነው» አልኋት። ከዚህ በኋላ ሁለታችንም ለረጅም ጊዜ ዝም ብለን የተሳቢዋ ጥላ ላይ ተቀመጥን። በማግስቱ ለአለቃዬ ደውዬ እሑድ ሌሊት እንደማልሠራ ነገርሁት። ገቢዬ ቀነሰ፤ ሰኞ ጠዋት ግን ሰው ሆኜ ተነሣሁ።

ለቁስሉ የጄልኮት መለጠፊያ ገዛን። ልጄ ሰማያዊና ነጭ ማቅለሚያ በጥርስ መፋቂያ እንጨት ጫፍ እየጨመረች፣ እየለካች ቀላቀለች። ቀባነው፣ ደረቀ፣ ውሃ እያጠጣን በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት አስተካከልነው። በእጅ ሲዳሰስ አይታወቅም። በዐይን ግን ይታወቃል፤ ትንሽ ጠቆር ብሏል። ልጄ «ይቅር፣ ደስ ይላል» አለች።

አንድ ነገር ደግሞ በመጨረሻ ገጠመን። ከኋላ መስኮቷ ሥር የቆየ ተለጣፊ ሥዕል ነበር፤ ጽሑፉ ጠፍቶ ምን እንደነበር አይለይም። በፀጉር ማድረቂያ አሙቀን ቀስ ብለን አነሣነው። ከሥሩ ፀሐይ አይታው የማታውቀው የ1986 ሰማያዊ ወጣ። በዙሪያው ለአምስት ሳምንታት ስንፈትግ የከረምነው ሰማያዊ ከእርሱ ጎን ፈዛዛ ነበር። እኔ ማሽኑን አንሥቼ «ጥቂት ብንቀጥል እንደርስበታለን» አልሁ። ልጄ ግን እጄን ያዘችኝ። ፍትጊያ የሚያበራው እየቀነሰ ነው፤ በእያንዳንዱ ዙር ከዚያች ግማሽ ሚሊሜትር ላይ አንድ ነገር ይሄዳል፣ አይመለስም። የጠፋውን 37 ዓመት በማሽን ልናገኘው ብንል የቀረውን ቆዳ እናጣው ነበር። እዚያ ላይ አቆምን።

ማለስለሻውን በለስላሳ ስፖንጅ ካስኬድን በኋላ ሰም ቀባን። በስሱ ተቀብቶ፣ ጉም ሲመስል ጠብቆ፣ በንጹሕ ጨርቅ ይወለወላል። ሰሙ አዲስ ውበት አይጨምርም፤ ፀሐይና ውሃ ቀድመው እርሱን እንዲያገኙት ነው። እርሱም ያልቃል፤ ስለዚህ በዓመት ሁለት ጊዜ መቀባት አለበት። ውሃ ስታፈስበት እየተንከባለለ እንደ ዶቃ ከወረደ ሰሙ አለ፤ እንደ አንሶላ ከተነጠፈ አልቋል። በአማርኛችን ወዝ ማለት የፊት ውበትም ነው፣ የግንባር ላብም ነው፤ ወዛደር የምንለውም ከዚያው ነው። ያን ቀን ማታ ሁለቱ በአንድ ቃል መጠራታቸው ተገቢ ሆኖ ታየኝ።

በኦገስት መጀመሪያ ሦስታችን ወደ አሸዋው ተራሮች ሄድን። በየመሸጋገሪያው በመስተዋት ኋላዬን አያለሁ፤ ሰማያዊዋ እንቁላል ተከትላናለች። ስንደርስ ልጄ ቀድማ ወርዳ ወደ ወንዙ ሮጠች። ሜዳኖ ውሃው የሚበዛው ከተራራው በረዶ በሚቀልጥበት ጊዜ፣ በሜይ መጨረሻና በጁን መጀመሪያ ነው። በኦገስት ደርቋል። በፎቶግራፉ ላይ ሕፃናቱ ይንቦጫረቁበት የነበረው ቦታ ሰፊ ደረቅ አሸዋ ነበር። ይህን አስቀድሜ ማወቅ ይገባኝ ነበር። ጫማዋን አውልቃ በወንዙ መሐል ቆመች። እኔ አጠገቧ ደርሼ የምለው አጣሁ።

«አሸዋው አለ እኮ» አለች፤ እጄንም ይዛ ወደ ተራራው ጎተተችኝ። እናቷ ከታች ቡና እያፈላች ቀረች። ልባችን እስኪጠፋ ወጣን። ማታ ነፋስ ተነሣና አሸዋው ሌሊቱን ሙሉ በተሳቢዋ ጎን ላይ ሲንሿሿ አደረ። እኔ በጨለማው ውስጥ ሰሙን እየፈተገው ነው እያልሁ ስጨነቅ፣ ልጄ ከላይኛው አልጋ፣ «አባዬ፣ ተኛ» አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ በየኤፕሪሉና በየኦክቶበሩ ሰም እቀባታለሁ፤ በጥላ ሥርም አቆማታለሁ። ኦክቶበር ሲደርስ ልጄ ከዩኒቨርሲቲዋ ትደውላለች። «ቀባሃት?» ትለኛለች። የጠቆረችው ማዕዘን ስደርስ ጨርቁን ትቼ በመዳፌ እዳስሳታለሁ፤ ስልኩም ጆሮዬ ላይ እንዳለ ነው።

ቸር ይግጠመን።